በግድ የታሰረ ማርሚታ

አንባቢ ሆይ! ከላፍቶ እስከ ሜክሲኮ አደባባይ በአሮጌ መኪና ሲጓዙ ከኋላ የተቀመጠው ልጅዎ «ራሴን አመመኝ» ቢልዎ፥ የፀሐይ ነው ብለው አይለፉት። እኔ አልፌው ነበርና።

የአሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላዬ ማርሚታ ዝጎ ተበሳ። አዲስ ገዛሁና የእጅ ዋጋ ለመቆጠብ ስል ራሴ ልገጥመው ከሥሯ ገባሁ። በሞተሩ በኩል ያሉትን ቡሎኖች አስቀድሜ ጥርቅም አድርጌ አሰርሁ፤ የማርሚታው ጅራት ግን ወደ ጎን ዞረ። ጎትቼ በግድ ከማንጠልጠያው ጎማ አገባሁት። ጩኸቱ ቢቀንስ ደስ አለኝ፤ የልጄ ራስ ምታት ግን አልቀረም።

አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጎንበስ ብለው አዩና «ልጄ፥ በግድ የታሰረ ይሾልካል» አሉኝ። ከሞተሩ መጋጠሚያ ላይ ጓርኒሲዮኑ ባንድ ወገን ተከፍቶ ጭሱ ከሥር ወደ ውስጥ ይገባ ኖሯል። ቡሎኖቹን ሁሉ አላሉ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን አገቡ፤ ቱቦውን በጎማዎቹ ላይ አንጠልጥለው የመኪናዋን አካል በየትም እንዳይነካ አስተካከሉ። ከሞተሩ ጀምረው ወደ ኋላ ያጠበቁት ከዚያ በኋላ ነው። በመጨረሻም ሞተሩን አስነሥተው የቱቦውን ጫፍ ለጥቂት ጊዜ በጨርቅ ቢይዙት፥ ከመጋጠሚያው ፍስ የሚል ድምፅ አልተሰማም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ግን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ጩኸቱ መቀነሱን ብቻ አይዩ፤ ጭሱ በበሩ መውጣቱን ይመርምሩ።