በለገጣፎ አታክልት መካከል

ከአዲስ አበባ በኮተቤ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደውን መንገድ የያዘ ሰው ገና ከከተማው ብዙ ሳይርቅ ለገጣፎን ያገኛል። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው፤ በአጠገቧ ያለው የለገዳዲ ግድብም ለአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣ ውሃ ይሰጣል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋራ በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልላለች። ቀድሞ እርሻ በነበረው መሬት ዛሬ የግንብ ዐጥር ያላቸው ቤቶች ተሠርተዋል፤ ከዐጥሩም ውስጥ ዐይን የሚያስደስት አታክልት ይታያል።

እኛም በቅርቡ ለጉዳይ ወደዚያ ሄደን ሳለን፥ በመንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ቆመን የተክሎቹን ስም ጠየቅን። ጽጌረዳውን ጽጌረዳ አለን፤ ለቀሩት ለአብዛኞቹ ግን የሰጠን መልስ «የፈረንጅ አበባ ነው» የሚል ብቻ ነበረ። ይህ መልስ ለጊዜው አሳቀን፤ ኋላ ግን አሳሰበን።

አባቶቻችን ለተክል ስም ሲያወጡ ጠባዩንም ጭምር ይነግሩን ነበር። አስተናግር የሚለው ስም ራሱ፥ ተክሉ የበላውን ሰው አእምሮ አስቶ ያለ ልቡ እንደሚያናግረው ይመሰክራል። የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ዐይን እንደሚጎዳ ስለሚታወቅ፥ ለዐጥር እንጅ ለመስኮት ጌጥ አይተከሉም። እንዶድ ልብስ ያጠራል፤ ነገር ግን በወንዝ ያለውን ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ ይህንንም ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ አይተው ለዓለም አስታወቁ። እንግዳው ተክል ግን መልኩን ይዞ ሲመጣ ስሙን በመንገድ ጥሎ መጥቷል። ስሙን ካላወቅን ጠባዩን ከማን እንጠይቃለን?

በዚህ ነገር ፈጥና የምትጎዳው ድመት ናት። ድመት በጐተራ ያለውን እህል፥ በሣጥን ያለውን ብራናና መጽሐፍ ከአይጥ የምትጠብቅ፥ ደመወዝ የማትጠይቅ ዘበኛ ናት። በዚያው አገር በአንድ ቤት ሆነ ሲባል እንደ ሰማነው፥ ለሠርግ የመጣ ሊሊ የሚባል አበባ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳለ ድመቲቱ ተሻሸችው። ማታውን አስታወከች፤ በማግሥቱ የተሻላት መሰለች፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። የቤቱ ሰዎችም ጎረቤታቸውን «የአይጥ መርዝ አብልተህ ገደልሃት» ብለው ተጣሉት፤ ነገሩም ከሽማግሌ ደረሰ። ኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም ሰምቶ አበባውን ባያመለክታቸው ኖሮ፥ በደል የሌለበት ሰው በደለኛ ተብሎ በቀረ ነበር።

እውነተኛው ሊሊ አበባው፥ ቅጠሉ፥ ብናኙ፥ የተቀመጠበት ውሃ ሳይቀር ለድመት መርዝ ነው። ውሻ ቢበላው ሆዱን ብቻ ያመዋል፤ የድመት ኩላሊት ግን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሥራውን ይተዋል። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» እንደሚባለው፥ ጠጕሯን መላስ ልማዷ ነውና፥ አበባውን ባትበላ እንኳ በላይዋ የተነሰነሰውን ብናኝ ትልሰዋለች። ሕመሙም በመካከል ቀለል ያለ መስሎ ሰውን ያታልላል።

ሌሎችም አሉ። ሳጎ የሚባለው፥ በመልኩ ዘንባባ የሚመስለው ተክል ጉበት ያበላሻል፤ ይልቁንም ፍሬው ክፉ ነው፤ የሆሳዕናው ዘንባባ ግን ጉዳት የለውም። ኦሊያንደር የሚባለው የልብን አመታት ያዛባል። አበባው እንደ መለከት ወደ ታች የሚንጠለጠለው ዛፍ የአስተናግር ዘመድ ነው። ካላ የሚሉት፥ ነጭ አበባው እንደ ቀንድ የተጠቀለለው፥ አፍና ጕሮሮ ያቃጥላል። ጉሎም ከጥንት የምናውቀው ቢሆን ፍሬው ብርቱ መርዝ አለበት።

እንግዲህ አታክልቱ ሁሉ ይነቀል አንልም። ድመት ባለችበት ቤት ሊሊና ሳጎ ከቤትም ከደጅም ይራቁ። ችግኝ የሚገዛ ሰው ስሙን ሳያውቅ አይትከል፤ ሻጩ ባያውቅ ቅጠሉን ይዞ የዕፅዋት ዐዋቂ ይጠይቅ። ጽጌረዳ፥ የሱፍ አበባና በሶብላ ያለ ሥጋት ሊተከሉ ይችላሉ። ሣር መንጨትም የድመት ተፈጥሮ ስለ ሆነ፥ በሸክላ ስባሪ ገብስ ዘርቶ ቡቃያውን ማቅረብ ወደ ሌላው ቅጠል እንዳትሄድ ይረዳል።

መርዘኛ ተክል ነክታ ብትገኝ፥ በጠጕሯ ያለውን ብናኝ በውሃ አጥቦ፥ የተክሉንም ቍራጭ ይዞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው። ጨው በጥብጦ ማጠጣት፥ ዘይት መጋት፥ ጣት ከትቶ ማስታወክ ጉዳቱን ያበዛል። በሊሊ የተመረዘች ድመት በ18 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ብታገኝ የመዳን ተስፋዋ ብዙ ነው፤ ሽንቷ ከተቋረጠ በኋላ ግን ተስፋው ይመነምናል።

በለገጣፎ ያየናቸው ዐጥሮች ከፍ ያሉ ናቸው፤ ሌባና ጅብ አያስገቡም። ዐጥር ግን የሚከለክለው ከውጭ የሚመጣውን እንጅ በገዛ እጃችን ከውስጥ የተከልነውን አይደለም። ስለዚህ የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ችግኝ የሚተከልበት ክረምት ሲገባ፥ በየቤታችሁ ላሉት አታክልተኞችና ልጆች የተክሉን ስምና ጠባይ አስቀድማችሁ እንድታስተምሯቸው እንለምናለን።