ከፎቶሾፕ ወደ ክሪታ፣ ሮብ ገበያ ላይ

በኮምፒውተር መሣል የለመድኩት ሞጣ፣ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ነው። ማሽኑ ላይ የተጫነው ፎቶሾፕ ሲኤስ 6 ነበር። የሙሽራ ፊት እናጠራበታለን፣ ባነር እናዘጋጅበታለን፤ ደንበኛ ሲጠፋ እኔ አርበኛውን በላይ ዘለቀን እሥላለሁ። የምሥራቅ ጎጃም ልጅ ሆኖ እርሳስ ይዞ በላይን ያልሞከረ መቼም አይገኝም። ጎፈሬው ግን ያታግላል።

ሲኤስ 6 እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው ከሚያገለግሉት የፎቶሾፕ ዝርያዎች የመጨረሻው ነው። ከእ.ኤ.አ. 2013 ወዲህ አዲሱ የሚገኘው በየጊዜው በሚከፈል ኪራይ ሆነ። የመጥሪያ ካርድ በብር ሠርቶ የሚያድር ሰው የዶላር ካርድ ከየት ያመጣል? ሮብ ገበያ ተመልሼ የራሴን ጠረጴዛ ስዘረጋ፣ ከባሕር ዳር የመጣ ወዳጄ ክሪታ የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ። ነፃ ነው፤ ከተጫነ በኋላም ኢንተርኔት አይጠይቅም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ክልል ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጭንቅላቴ ቶሎ ተቀበለው፤ ጣቶቼ ግን አሻፈረኝ አሉ። በሲኤስ 6 ኮንትሮል ዜድ አንድ እርምጃ ብቻ ይመልሳል፤ ደግመው ሲጫኑት የሠረዙትን መልሶ ያመጣዋል። ወደ ኋላ ለመዝለቅ አልት ይጨመርበታል። ክሪታ ላይ ኮንትሮል ዜድ በተጫኑት ቁጥር ወደ ኋላ ይሄዳል። እጄ ግን ለረጅም ጊዜ በከንቱ አልትን ሲፈልግ ኖረ።

ላጲሱ የባሰ ነበር። ፎቶሾፕ ላይ «ኢ»ን ስነካ ብሩሼን አስቀምጬ ላጲስ አነሣለሁ፤ ላጲሱ የራሱ መጠን፣ የራሱ ጠርዝ አለው። ክሪታ ላይ ያንኑ ቁልፍ ስነካ የያዝኩት ብሩሽ ራሱ ማጥፊያ ይሆናል፤ ደግሜ ስነካው ወደ ቀለሙ ይመለሳል። መጀመሪያ አናደደኝ። የበላይን ጎፈሬ በአንዱ ሻካራ ብሩሽ እየቀባሁ በዚያው ስፍቀው ግን፣ ስንት ዓመት ያታገለኝ ጸጉር እሺ አለኝ።

የፎቶሾፕን የቁልፍ አቀማመጥ የሚያስመስል ምርጫም ክሪታ ውስጥ አለ። ሞከርኩት፤ አላዋጣኝም። ግማሹ የድሮው፣ ግማሹ የአዲሱ ሲሆን እጅ የማንም አይሆንም። ወደ ራሱ አቀማመጥ መልሼው ጨክኜ ለመድኩት።

አንድ ሮብ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሠሩ የኔታ ከገበያ ሲመለሱ ጎራ አሉ።

«ልጄ፣ ቀለሙን የት ነው የምትበጠብጠው?»

የማውሱን ቀኝ ተጭኜ፣ በመካከሉ ቀለም፣ በዙሪያው ብሩሾች ያሉትን ክብ ሰሌዳ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩ። ለሰንበት ትምህርት ቤት ምስክር ወረቀት ሐረግ ስጀምር፣ የክሪታን የመስታወት መሣሪያ ከፍቼው ስለነበር በግራ የሣልኩት በቀኝ አብሮ በቀለ።

«እኛ ይኼን ስናመዛዝን ዓይናችን ጠፋ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ግን ሁለቱ ወገን እንዲህ አንድ ሲሆን የሰው እጅ ያለበት አይመስልም።»

ልክ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መስታወቱን የምከፍተው ለንድፉ ብቻ ነው፤ ቀለም ስቀባ እዘጋዋለሁ።

የማልወድለትም አለ። እኔ በያዝኩት ዝርያ አማርኛ ለመጻፍ ሌላ መስኮት ይከፈታል፤ እዚያ ጽፎ መመለስ ለባነር ሥራ አይመችም። የድሮ የፎቶሾፕ ፋይሎቼን ከነሌየራቸው ከፈተልኝ፤ ጽሑፋቸው ግን ወደ ሥዕል ተቀይሮ ነበርና የሙሽራ ስም ማረም አልተቻለም። ስለዚህ ሥዕሉን ክሪታ ላይ፣ ፊደሉን ኢንክስኬፕ በተባለ ሌላ ፕሮግራም ላይ እሠራለሁ። እሱም ነፃ ነው።

መሞከር የምትፈልጉ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፤ የክሪታ ፈቃድ መገልበጥንም ማካፈልንም ይፈቅዳል። ሮብ ቀን ግን አትምጡ፤ ሥራ ይበዛብኛል።