እርጥቡን እህል ከላይ



ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ የአንደኛ ዓመት ወንድማችን ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። እህቱ ቤት ውስጥ ኬክ ትጋግራለች። እሱ ደግሞ ሥራዋን የሚያስተዋውቅ የቴሌግራም ቻናል ከፍቶላታል። «ሰው አልገባልኝም፤ አባል የሚሸጡ ልጆች አግኝቻለሁ። ልግዛ?» አለኝ። «ባትገዛ ይሻላል» ብዬው ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ለምን እንደሚሻል ግን አልነገርኩትም። ምክንያቱን ብነግረው የራሴን ጥፋት መናገር ሊኖርብኝ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የዚያን ቀን የዋጥኩትን ለመናገር ነው።

ያደግኩት ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከአጠና ተራ ብዙም ሳይርቅ ነው። ግማሽ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን መድረሳ እየዋልኩ ነው የተማርኩት። እናቴ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በተከራየቻት አንድ በር ሱቅ ጂልባብና ኺማር ትሰፋለች። ጨርቁን የምታመጣው ከመርካቶ ነው። በአንዋር መስጂድ ዙሪያ ካሉት ነጋዴዎች ጋር በብዛትም በዋጋም መወዳደር አትችልም። የእሷ ደንበኞች የሰፈር ሴቶች ናቸው። ልካቸውን ሰጥተው ያሰፋሉ፣ በአፋቸው ደግሞ ሌላ ሰው ያመጣሉ።

በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን ጨረስኩ። ማትሪኩን በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ከተፈተኑት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ነኝ። ጥቅምት 2015 ተፈትኜ ስመለስ ውጤት እስኪመጣ ሥራ አልነበረኝም። በዚያው ሰሞን የሱቋ ኪራይ ተጨመረ። እናቴ ምንም አላለችም፤ ግን ማታ ማታ ሒሳቧን ደጋግማ ስታሰላ አያት ነበር። «ቻናል ልክፈትልሽ፤ ከአየር ጤናም ከቤቴልም ከዓለም ባንክም ሰው ይመጣልሻል» አልኳት። «አንተ ካወቅክበት ክፈት» አለችኝ።

ከፈትኩ። በመጀመሪያው ወር የገቡት 63 ሰዎች ነበሩ። ከነዚያ ውስጥ አብዛኞቹ የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው። ሌሎች ሻጮች የሚያደርጉትን ማድረግ ጀመርኩ። «20 ሰው ለጋበዘ የ50 ብር ካርድ» ብዬ ለጠፍኩ። ካርዱን የወሰዱት ልጆች ያስገቧቸው ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ወጡ። ዋጋ የጠየቀችን ሴት «በውስጥ መስመር ያናግሩን» አልኳት። ያልጎደለውን ጨርቅ «የቀረን ጥቂት ብቻ ነው» አልኩ። ይህን ሁሉ ሳደርግ እንደ ውሸት አልቆጠርኩትም፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው ብዬ ነበር።

ኅዳር ላይ አባል የሚሸጥ ልጅ አገኘሁ። ከፈልኩት፤ በአንድ ሌሊት ቻናሉ ከ2,300 በላይ አባል ያለው ሆነ። ጠዋት ለእናቴ አሳየኋት። ስልኩን ተቀብላ ቁጥሩን አየችና፣ «ማሻአላህ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች የት ነው የሚኖሩት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከፎቶው ሥር ያለው የተመልካች ቁጥር እንደ ድሮው 50 እና 60 ነው። ሁለት ሺሁ ሰው አያይም፣ አይጠይቅም፣ አይገዛም። ማንም አልነበረም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ የጠፋው የእኔ ገንዘብ ብቻ በሆነ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ግን ቡኹርና ሒና እያዘጋጁ የሚሸጡ አንዲት የጎረቤት እናት ሱቃችን መጡ። ባላቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። «ልጄ፣ ያንተ ቻናል ብዙ ሰው አለው አሉኝ። የእኔንም ዕቃ አስተዋውቅልኝ፤ በነፃ ግን አልፈልግም» አሉኝ። 600 ብር ሰጡኝ። ተቀበልኩ። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩላቸው። በሳምንቱ መጥተው፣ «አንድ ሰው እንኳን አልደወለም። ምናልባት ዕቃዬ አያምርም ይሆን?» አሉኝ።

ያቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። እኔ በዋሸሁት ቁጥር የተነሳ እሳቸው በገዛ ሥራቸው ተጠራጠሩ።

በዚያው ሳምንት መድረሳ ስሄድ ኡስታዛችን ለትናንሾቹ ልጆች የግብይት ምዕራፍ እያቀሩ ነበር። ርእሱ ነጀሽ ነው። በልጅነቴ ቀርቼዋለሁ፤ ትርጉሙንም በቃሌ አውቀዋለሁ። ነጀሽ ማለት አንድ ሰው ዕቃውን የመግዛት ሐሳብ ሳይኖረው ዋጋ እየጨመረ ሌላውን ማታለል ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን መከልከላቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ከዐብደላህ ኢብኑ ዑመር ዘግበውታል። ኡስታዝ ለልጆቹ እንዲገባቸው፣ «ገበያ ውስጥ አጫፋሪ አይታችሁ አታውቁም? ሳይገዛ እንደ ገዢ ሆኖ የሚቆም፤ ሌላው እሱን አይቶ እንዲገዛ» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን በር ላይ ቆሜ 2,000 አጫፋሪ ገዝቼ ሱቃችን ፊት ማሰለፌ ታየኝ። እኚያ እናት 600 ብር የሰጡኝ ሰልፉን አይተው ነው።

ነገሩን አንዳንድ ወንድሞች ቀለል ሊያደርጉት እንደሚችሉ አውቃለሁ። «ዕቃው ሐላል ነው፣ ዋጋው አልተጨመረም፣ ቁጥሩ ማንን ይጎዳል?» ይባላል። እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም፤ ብያኔውን ለዓሊሞች እተዋለሁ። የማውቀው ግን ቁጥሩን የምንገዛው ሰው እንዲያምነው ብለን መሆኑን ነው። ማንም የማያምነው ቢሆን ኖሮ ገንዘብ አናወጣበትም ነበር። አሁን ከምማረው ትምህርት አንጻር ብናገር ደግሞ፣ የቮልቴጅ መለኪያውን መርፌ በጣትህ ብትገፋው አምፖሉ አይደምቅም። መለኪያውን አበላሽተህ ችግሩ የት እንዳለ የምታይበትን መንገድ በራስህ ላይ ዘጋህ ማለት ነው።

600 ብሩን መለስኩላቸው፤ ለምን እንደመለስኩም ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና፣ «ዕቃዬስ ደህና ነው አይደል?» አሉ። «ደህና ነው» አልኳቸው። ለእናቴም ነገርኳት። አልተቆጣችም። «ዝጋውና እንደገና ጀምር» ብቻ አለችኝ። የተገዙትን አባላት አንድ በአንድ መርጬ ማስወጣት ስላልቻልኩ አዲስ ቻናል ከፍቼ እውነተኞቹን ደንበኞች ጋበዝኩ። ከ2,300 ወደ 81 ወረድን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ለብዙዎቻችሁ የሚጠቅመው ይኼኛው ነውና።

ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ የዘገበውን ሐዲሥ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገበያ ላይ በተከመረ እህል ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ እንደነካው ነገራቸው። እሳቸውም ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው፣ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። እኔ ይህን ሐዲሥ እንደ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር የማውቀው። ለሥራ መመሪያ እንደሚሆን ያየሁት እናቴን ደንበኛ ስታስተናግድ ቁጭ ብዬ ካዳመጥኩ በኋላ ነው። አንዷ ሺፎን ስታነሳ፣ «ያምራል፤ ግን ፀሐይ ላይ ያሳያል፤ ከሥሩ ሌላ ካላደረግሽ አትውሰጂው» ትላታለች። ሌላዋን፣ «ጀርሲው አይሸራተትም፣ መርፌ አይፈልግም፤ ግን ይለጠጣል፤ ጠበቅ አድርጌ አልሰፋልሽም» ትላታለች። ሴቶቹ ይህን ሰምተው አይሄዱም፤ ይመለሳሉ።

ይህንኑ መጻፍ ጀመርኩ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዒሻ በኋላ፣ አንድ አጭር ጽሑፍ። የትኛው ጨርቅ ለክረምት ጠዋት ይሆናል? ጥቁር ጨርቅ ቀለሙ እንዳይለቅ ገልብጦ ማጠብና ጥላ ላይ ማስጣት ለምን ይጠቅማል? ለትምህርት ቤት ልጅ ሲሰፋ ጠርዙ ለምን ሰፋ ብሎ ይታጠፋል? (ቁመቷ ሲጨምር እንዲለቀቅላት ነው።) ጥያቄዎቹን እኔ አልፈጠርኳቸውም፤ ሱቅ ውስጥ የሚጠየቁት ናቸው። አንዷ የጠየቀችውን ሌሎች አሥር ሴቶች ሳይጠይቁት ይፈልጉታል። ዋጋውን በግልጽ ጻፍን። ነቁጥ ያለበትን ጨርቅ ነቁጡን አጉልቼ አንስቼ ቅናሹን ጻፍኩበት። የጻፍኩት የሚጠቅም ሲሆን ሴቶቹ ራሳቸው ለእህቶቻቸው ይልኩታል። ያን ጊዜ የተመልካቹ ቁጥር ከአባላቱ ቁጥር ሲበልጥ አየሁ። የተገዛው ቻናል ላይ የነበረው የዚህ ተቃራኒ ነው።

የፎቶ ነገር ላይ ከእናቴ ጋር ተከራክረን ነበር። ሰው የለበሰው ልብስ ይበልጥ እንደሚታይ ነግሬያት ነበር። እሷ ግን የደንበኛን ፎቶ መለጠፍ አልፈቀደችም። «ልክሽን ስጪኝ እንጂ መልክሽን ስጪኝ አላልኳትም» አለች። ስለዚህ ልብሱን በመስቀያ ሰቅለን፣ ጠዋት በር ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን ማንሳት ጀመርን። የጨርቁ ትክክለኛ ቀለምም በአምፖል ሳይሆን በዚያ ነው የሚታየው። «በስልክ ያየሁት ሌላ፣ የመጣልኝ ሌላ» የሚለው ቅሬታ ቀረ።

አባላቱ ቀስ ብለው ጨመሩ። የካቲት 2015 መጀመሪያ ላይ 200 ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተዘጉ። እስከ ሐምሌ ድረስ ቆየ። በመሀል ረመዳን ገባ፤ ዒድ አልፊጥርም ዒድ አልአድሓም በዚያ ውስጥ አለፉ። ሰፊ ለሆነ ሰው ከዒድ በፊት ያሉት ሳምንታት የዓመቱ ኪራይ የሚወጣባቸው ናቸው። ቪፒኤን የሚጠቀም ነበር፤ ብዙዎቹ የእናቴ ደንበኞች ግን ቪፒኤን ምን እንደሆነ አያውቁም። ያን ሁሉ የደከምኩበት ነገር በአንድ ቀን ከእጄ ወጣ። የተከራየነው ሱቅ ብቻ አልነበረም፤ ቻናሉም የሰው ቤት ነበር።

ያወጣን የእናቴ የልክ ደብተር ነው። ለዓመታት ያሰፋችውን ሴት ሁሉ ቁመት፣ ክንድና ስልክ የጻፈችበት፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር። ያን ደብተር ስቄበት አውቃለሁ። ከሻዕባን መጨረሻ ጀምሮ ከደብተሩ እያየሁ አጭር የጽሑፍ መልእክት ላክሁ፦ «አሰላሙ ዐለይኩም፤ ልክዎ እኛ ዘንድ አለ። ለዒድ የሚሰፋ ካለ እስከ ረመዳን 15 ይዘዙ፤ ከዚያ በኋላ አንደርስም።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር እውነት ነበር። አንድ መኪና፣ አንድ እናት፤ ከዚያ በላይ አይሰፋም። ቀብዱን በቴሌብር ላኩልን። ከ190 ሴቶች መካከል 74ቱ አዘዙ። እናቴ ከሱሑር በኋላ አልተኛችም፤ እኔም ቁልፍ መትከልና ጠርዝ መዘምዘም የተማርኩት በዚያ ረመዳን ነው። ከዒድ በኋላ ኪራዩ ተከፈለ፤ አልሐምዱሊላህ።

ዛሬ ቻናሉ ተመልሶ ተከፍቷል። አባላቱ ከ1,100 አልበለጡም። እኛ ሰፈር ሳይቀር አሥር እጥፍ ያላቸው አሉ። ነገር ግን አዲስ ሰው ባዘዘ ቁጥር ስልኩ ደብተሩ ላይ ይጻፋል። ያቺ ጎረቤታችንም ቡኹራቸውን በየጊዜው እንለጥፍላቸዋለን፣ በነፃ። ሰው ይደውልላቸዋል።

ሪዝቅ ከአላህ ነው እንላለን። እኔ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ስንፍናዬን ለመሸፈን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ማታለሌን ለመርሳት ተጠቅሜበታለሁ። ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ነውሩን ከገለጹ ግብይታቸው እንደሚባረክ፣ ከዋሹና ከደበቁ ግን በረካው እንደሚነሳ ከሐኪም ኢብኑ ሒዛም የተላለፈውን ሐዲሥ ቀርተናል። በረካ የሚለውን ቃል እኔ የገባኝ በ2,300 እና በ190 መካከል ያለውን ልዩነት ካየሁ በኋላ ነው።

ያ የጠየቅከኝ ወንድሜ፣ ጽሑፉ ከደረሰህ መልሴ ይኸውልህ። አትግዛ። በዚህ ሳምንት የእህትህን ኬክ የበሉ ሰዎችን ስልክ ጻፍ፤ ምን እንደጠየቋትም ጠይቃት። ከመካከላቸው አንዱን ጥያቄ መልስና ለጥፍ። አንድ ኬክ ከሥሩ አርሮ ከሆነ ያረረውን አሳይና በቅናሽ ሽጠው። ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ፈልገኝ፤ የመጀመሪያውን አብረን እንጽፈዋለን ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።