አሸዋው ይውረድ፣ ሀርሜ ይቀመጡ

ነቀምት ውስጥ «ባለ ሦስት እግር» ካላችሁ ሰው ሁሉ የሚያስበው ባጃጅን ነው። የአዲስ አበባ፣ የጊምቢ፣ የበደሌና የቡሬ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ናት፤ ስለዚህ የገበያተኛውም የተማሪውም እግር ባጃጅ ነው። የእኔ ባለ ሦስት እግር ግን ሌላ ነው። ከቀኝ ጎኑ አንድ ጎማ ያለው መቀመጫ የተገጠመለት ሞተር ሳይክል ነው፤ ሳይድካር ይሉታል። በድሮ የጦርነት ፊልሞች ያየነው ዓይነት ማለት ነው። ባለፍኩበት ሰፈር ሁሉ ልጆች «ጀርመን! ጀርመን!» እያሉ ይከተሉኛል።

ሞተሩ የሩሲያ ነው፤ ልጆቹ ግን ብዙም አልራቁም። ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1941 ኤም-72 የተባለውን ባለ ጎን መቀመጫ ሞተር መሥራት ስትጀምር ንድፉን የወሰደችው ከጀርመኑ ቢኤምደብሊው አር-71 ነበር። የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ሲገሰግስ ሥራው በኡራል ተራሮች አካባቢ ወዳለችው ኢርቢት ከተማ ተዛወረ። የእኔው ሞተር ስሙ ኡራል የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ጉልበቱ 650 ሲሲ ነው፤ ሁለቱ ሲሊንደሮቹ እንደ ክንድ ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል፤ ከነጎኑ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል።

ይህን አሮጌ ብረት የገዛሁት ለፊልም ፍቅር ብዬ አይደለም። ለእናቴ ብዬ ነው።

እናቴ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የኖሩት በጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ በኡኬ አካባቢ ነው። በእኛ ዘንድ ወላጅ አንቱ ይባላልና እኔም እስከ ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ። አባቴ ካረፉ በኋላ ቡርቃ ጃቶ ወዳለው ቤታችን አመጣናቸው። ምግባቸው፣ ሕክምናቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ሁሉም አጠገባቸው ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መውጣት። ጉልበታቸው ታሟል። ሚኒባስ ላይ መውጣትና ሦስት ሰው በተጣበቀበት ወንበር ላይ እግር አጥፎ መቀመጥ አይችሉም። እንደ ወጣት እግር ወርውሮ ሞተር ሳይክል ላይ መውጣትም የማይታሰብ ነው። ባጃጅ ደግሞ ለከተማው ውስጥ እንጂ ኡኬ ድረስ አይወርድም። መኪና በኮንትራት መያዝ ለአንድ ቀን እንጂ ለየወሩ የሚቻል አልሆነም።

ስለዚህ ቀስ በቀስ ለቅሶ መድረስ ቀረ። ሠርግም ቀረ። የታመመች እህታቸውን መጠየቅም በስልክ ሆነ። በእኛ አገር ለቅሶ የማይደርስ ሰው ምን እንደሚሰማው ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። አንድ ማታ ቡና እየተፈላ ሳለ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ሸክም ሆንኩባችሁ» አሉኝ። ባለቤቴ ስኒውን እንደያዘች ቀረች። እኔም መልስ አጣሁ። «ኧረ አይደሉም ሀርሜ» ማለት ቀላል ነው፤ የሚያምኑት ግን ቃሉን ሳይሆን ኑሮውን ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተሩን አዲስ አበባ ከአንድ ሰው ገዛሁ። ጎኑ አብሮት የተሠራ እንጂ በኋላ የተበየደ አይደለም፤ ሊብሬው ላይም እንደዚያው ተመዝግቧል። ይህን የምጽፈው ነገ አንዱ አንባቢ ተነሥቶ ያለ ፈቃድ ሞተሩ ላይ ብረት እንዳያስበይድ ነው። በአይሱዙ ተጭኖ ነቀምት ሲደርስ ባለቤቴ አየችውና፣ «ግማሹን መኪና ሰረቁብህ እንዴ?» አለች።

ሃያ ዓመት ሞተር ነድቻለሁ። ያመጣሁለት መካኒክ ግን መጀመሪያ የነገረኝ፣ «የምታውቀውን እዚህ ጋ አስቀምጠው» የሚል ነበር። ነገሩ እውነት ነው። ባለ ሁለት ጎማው ሞተር የሚታጠፈው ወደ ጎን በማጋደል ነው፤ ሰውነት ሲያዘነብል ሞተሩ ይከተላል። ሳይድካር ያለው ግን አያጋድልም። መሪውን በክንድ ጉልበት ማዞር ነው። ነዳጅ ስትሰጡት ጎኑ ወደ ኋላ ስለሚጎተት ሞተሩ ወደ ቀኝ ይስባል። ፍሬን ስትይዙ ደግሞ ጎኑ ወደ ፊት መሄድ ስለሚፈልግ ወደ ግራ ይስባል። ባጃጅ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ ስላለው ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ ይኸኛው ግን አንድ ወገን ብቻ የከበደበት ጋሪ ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራው ወደ ቀኝ መታጠፍ ነው። በፍጥነት ከታጠፋችሁ የጎኑ ጎማ ከመሬት ይነሣል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ መደንገጥ ሳይሆን ነዳጁን ቀስ አድርጎ መቀነስና መሪውን ማቅናት ነው። አሁን የማልረሳውን ነገር ልንገራችሁ። ጎማው ቶሎ የሚነሣው መቀመጫው ባዶ ሲሆን ነው። ሰው ሲቀመጥበት ይረጋል። መካኒኩ ሃምሳ ኪሎ አሸዋ በማዳበሪያ ከረጢት አስሞልቶ መቀመጫው ላይ አሰረልኝና፣ «ብቻህን ስትሄድ ይህን ሳትጭን እንዳትነዳ» አለኝ። አንድ ወር ሙሉ ገላጣ ሜዳ ላይ ከአሸዋ ጋር ስዞር ከረምኩ።

እናቴን የማስቀምጥበት ቀን ሲደርስ በከዘራቸው ተደግፈው ወጡ። ከረጢቱን መቀመጫው ላይ አዩት።

«ይህ የማን ነው?» አሉ።

«እርስዎ በሌሉ ጊዜ የሚቀመጠው ነው፤ ባዶውን ከሆነ ይገለብጠኛል» አልኳቸው።

«ስቀመጥበትስ?»

«አሸዋው ይወርዳል። የሚያረጋው የእርስዎ ክብደት ነው።»

ከዘራቸውን ተደግፈው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ከረጢቱን በከዘራቸው ጫፍ ነካ ነካ አድርገው፣ «አሸዋው ግን አይመርቅህም» አሉና ሳቁ። ከዚያ ማታ ወዲህ ሸክም የሚለውን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።

መቀመጫው ዝቅ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ እግራቸውን አንድ በአንድ እናስገባለን። ጉልበታቸው ሳይታጠፍ ይዘረጋል። ከሻሻቸው በላይ ሄልሜት፣ ከሄልሜቱ በታች ጋቢ። የመጀመሪያው ጉዟችን ኡኬ እህታቸው ዘንድ ነበር። ነቀምት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የቡሬው መንገድ ግን ወደ አንገር ቆላ እየወረደ ይሄዳልና ጋቢው መንገድ ላይ ወለቀ። በሞተር ኋላ የተቀመጠ ሰው ፊቱ አይታይም፤ ወድቆ እንኳ ቶሎ አይታወቅም። በሳይድካር ግን ጎን ለጎን ናችሁ። ቀስ ብዬ ስለምነዳ ድምፃቸው ይሰማኛል። ይህ ማሳ የማን እንደነበረ፣ እዚህ ወንዝ ውስጥ የማን በሬ እንደተወሰደ፣ አባቴ ለሽምግልና የመጡት በየትኛው መንገድ እንደሆነ አወሩልኝ። ከእሳቸው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ስንኖር ይህን አልሰማሁም ነበር፤ ለካ ታሪካቸው ከመንገዱ ጋር የተያያዘ ኖሯል።

በክረምት ነገሩ ይከብዳል። የእኛ ክረምት ረጅም ነው፤ ቀይ አፈሩም ሲርስ እንደ ሳሙና ነው። ሦስተኛው ጎማ ጭቃ ላይ እንዳንወድቅ ይረዳል፤ ከመንሸራተት ግን አያድንም። ዝናብ በጣለ ቀን አንሄድም፤ ለቅሶም ቢሆን ፀሐይ እስኪወጣ ይጠብቃል።

አንድ ጊዜ ብቻ ከእናቴ ጋር ተከራክረናል። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ «ከአኮ ጋር ልቀመጥ» ብላ አለቀሰች። አኮ በኦሮምኛ አያት ናት፤ የአኮ ልብ ደግሞ የልጅ ልጅ ዕንባ አይችልም። «ጭኔ ላይ ላድርጋት፤ እኔ አቅፌ እይዛታለሁ» አሉ። ወላጅን እምቢ ማለት ከባድ ነው። ግን መቀመጫው የአንድ ሰው ነው፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ማንም ሰው በክንዱ ልጅ ይዞ ማስቀረት አይችልም። «ሀርሜ፣ እርስዎ አይለቋትም፤ ፍሬኑ ግን ያስለቅቅዎታል» አልኳቸው። ደስ አላላቸውም፤ ተቀበሉኝ እንጂ። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ለብቻዋ ትቀመጣለች። ለልኳ የተገዛ ሄልሜት አላት፤ ከአካባቢያችን አንርቅም። ክብደቷ ስለማይበቃ ግማሹን አሸዋ እግሯ ሥር እናስራለን። «አድጌ አሸዋውን አስወርደዋለሁ» ትላለች፤ አኮም በየሳምንቱ ገንፎ እያስገነፉ አሸዋውን ይፎካከሩላታል።

ይህን የማነሣው በየከተማችን የማየው ነገር ስለሚያስጨንቀኝ ነው። አባት ይነዳል፣ አንዱ ልጅ ነዳጅ ታንከሩ ላይ፣ እናት ከኋላ፣ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ፤ ሄልሜት ያለው አባት ብቻ፣ እሱም መሪው ላይ ተንጠልጥሎ። ችግሩን አውቀዋለሁ፤ ሌላ መጓጓዣ ሲታጣ ነው። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት በመመሪያው እንዳሰፈረው ሄልሜት የመሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህን የሚያደርገው ግን ልኩ ሲሆንና ማሰሪያው ሲታሰር ነው። ሞተሩን የገዛ ቤተሰብ ሄልሜቱን የሞተሩ አንድ አካል አድርጎ ይቁጠረው፤ ያለ ጎማ እንደማንነዳው ሁሉ።

ሳይድካር ግዙ አልላችሁም። ጎማው፣ ራጁ፣ መለዋወጫው ሁሉ ፍለጋ ነው፤ አንድ ጊዜ ለአንዲት ኬብል ሦስት ሳምንት ቆሜአለሁ። ለአንዱ ቤት መፍትሔው ጎረቤት መኪና ሲያወጣ አንድ ወንበር መለመን፣ ለሌላው በወር አንድ ቀን ባጃጅ በኮንትራት ይዞ ቢያንስ የከተማውን ዘመድ መጠየቅ ሊሆን ይችላል። ቤታችሁ ያሉ አዛውንት ከደጅ መውጣት ካቆሙ «አርጅተዋል፣ ማረፍ ይፈልጋሉ» ብላችሁ አትለፉት። ቁጭ በሉና ጠይቋቸው፤ መውጣት አልፈለጉም ወይስ የሚወጡበት አጡ?