ቀለም ሸመታ

የሥዕል ክፍል ምዝገባ ሰሞን የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ጀማሪውን መለየት ቀላል ነው። ባለ አሥራ ሁለት ቱቦ የቀለም ሳጥን አንስቶ ክዳኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፍታል። ሳጥኑ ያምራል፤ ሮዝ አለው፣ ወይን ጠጅ አለው፣ ወርቃማም አያጣም። ግን ሒሳቡ አያዋጣም። እንዲህ ባለው ሳጥን ውስጥ ያለች ቱቦ ብዙ ጊዜ የምትይዘው 12 ሚሊ ሊትር ነው። አሥራ ሁለቱ ቱቦ ቢደመር 144 ሚሊ ሊትር ይመጣል። አንድ ትልቅ የነጭ ቱቦ ብቻውን 200 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ስሜትን አውጥቶ በሚሣልበት ክፍል ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ነጭ ነው፤ የሳጥኗ ነጭ ውላ አታድርም።

*

የቀለም እጥረት እጅ ላይ ይታያል። ተማሪው የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቀለም ፓሌቱ ላይ ያወጣል፣ በውሃ ያቀጥናታል፣ ሸራውን ነካ እያደረገ ይመለሳል። መምህሩ ከኋላው ቆሞ «ልቀቀው፣ ክንድህን ተጠቀም» ይለዋል። በምን ቀለም ይልቀቀው? እኔ እንደማየው፣ በጀማሪ ላይ ፍርሃት የምንለው አብዛኛው ነገር የቀለም ማነስ ነው። ለዚያው ተማሪ ትልቅ ቱቦና የሦስት ጣት ስፋት ያለው ብሩሽ ስጡት፤ በዚያው ሰዓት ትከሻው ሲፈታ ታያላችሁ።

*

ለሸመታ ከመውጣት በፊት ሥዕል ማየት ይቀድማል፤ ፎቶውን ሳይሆን ሥዕሉን። ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው የሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰጠው ማዕከል አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ሥዕል ፊት ለፊት ከታየ በኋላ ወደ ጎን ዞር ብሎ በአግድም ማየት ነው፤ ቀለሙ የት ጋ እንደተቆለለ፣ የት ጋ እንደሳሳ፣ ብሩሹ የት ጋ እንደተገፋ የሚታየው ያኔ ነው። ስልክ ላይ ይህ ሁሉ ይጠፋል።

*

ቱቦው ፊት ላይ በትልቁ የተጻፈው ስም ለገበያ ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው ከጀርባው ነው። «ፒ ደብሊው 6» ካለ ቲታኒየም ነጭ፣ «ፒ ቢ 29» ካለ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ «ፒ ዋይ 43» ካለ ከአፈር የተገኘ ቢጫ ኦከር ነው። ሦስት አራት ኮድ የተደረደረበት ቱቦ ፋብሪካው ቀድሞ የቀላቀለው ነው፤ ሌላ ቀለም ሲጨመርበት ቶሎ ይደፈርሳል።

ስድስት ቱቦ ይበቃል፦ ነጭ፣ አልትራማሪን፣ ሞቅ ያለ ቀይ፣ ቢጫ፣ ኦከርና በርንት አምበር። ገንዘብ ካጠረ ነጩ የተማሪ ደረጃ ይሁን፤ ቀዩና ሰማያዊው ላይ ግን ጨክኖ ማውጣት ነው፤ ርካሹ ውስጥ ሙሌቱ ስለሚበዛ ቀለሙ ነጭ ሲነካው ይሞታል። ጥቁር ለጊዜው ይቆይ። አልትራማሪንና በርንት አምበር ሲደባለቁ ከቱቦው ጥቁር ይልቅ ሕይወት ያለው ጨለማ ይወጣቸዋል።

*

ተወጥሮ የተዘጋጀ ሸራ ዋጋው ያሳቅቃል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው ግድግዳ ላይ መለጠፍን ከጥንት ያውቁበታል፤ ስለዚህ አቡጀዲን የድሃ ምርጫ አድርጎ ማየት አይገባም። ሲገዛ ወደ ብርሃን ዘርግቶ ማየት ነው፤ ክሩ ጥቅጥቅ ያለው ይሻላል፣ የሳሳው ብሩሽ ሲጫነው ይረግባል።

ፍሬሙን አናጢ ይሠራዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። አናጢው እንጨቱን ልሙጥ አድርጎ ልጎ ያስረክባል፤ ሠዓሊዋ ግን የውጭው ጠርዝ ብቻ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ ዘቅዘቅ እንዲል ትፈልጋለች።

«ምነው ልጄ፣ ልሙጡ አያምርም?»

«ያምራል ጋሼ፤ ግን ጨርቁ እንጨቱን ከነካ፣ በኃይል ስሥል የእንጨቱ መስመር ሸራው ላይ ይወጣብኛል።»

ሽማግሌው አቡጀዲውን እንጨቱ ላይ ዘርግተው በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። መስመሩ ወጣ። ሌላ ሳይናገሩ መላጊያቸውን አነሱ።

ጨርቁ ከተወጠረ በኋላ የመደብ ቅብ መቀባት አለበት፤ በተለይ ለዘይት ቀለም። ዘይቱ ባዶ ጥጥ ውስጥ ከገባ ጨርቁን ዓመት በዓመት እያደረቀ ያፈራርሰዋል። የመጀመሪያው ቅብ ቀጠን ብሎ ክሩ ውስጥ ይገባል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ከዚያ ሁለተኛው ይደገማል። የግድግዳ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ለልምምድ ያገለግላል። ለዓመታት ይቆይልኝ ለሚባል ሥራ ግን ለሸራ የተዘጋጀውን መግዛት ነው።

*

ተልባ በጾም የምናውቀው እህል ነው። የዘይት ቀለምም አብዛኛው የሚለወሰው በእርሱ ዘይት ነው። ይህ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ይጠጥራል፤ ለዚህ ነው ሥዕሉ ቀናት፣ ወፍራም ከሆነም ሳምንታት የሚፈጀው። ለምግብ የታሸገውን የተልባ ዘይት መጠቀም የሚፈልግ ቀድሞ ጥቂት ጠብታ መስታወት ላይ ጥሎ ይጠብቅ፤ መድረቁን የሚያዘገይ ነገር ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ከሳምንትም በኋላ ካልጠጠረ ወደ ወጥ ቤት ይመለስ።

ከዚህ ዘይት ጋር የሚመጣ አደጋ አለ፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ ሲጣል በራሱ እየሞቀ ሄዶ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ጨርቁ ደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ይከደን። በግዢ ዝርዝር ላይ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ጽፎ የሚሰጥ መምህር ያየሁት ከስንት አንድ ነው። ከብሩሹ እኩል መጻፍ ነበረበት።

*

አክሪሊክ ሌላ ጠባይ አለው። በበጋ ደረቅ አየር ፓሌት ላይ እንዳለ ይደርቃል። መፍትሔው ፀጉር ቤት የሚጠቀሙበት የውሃ መርጫና አንድ እርጥብ ጨርቅ ነው። ብሩሹ ውሃ ውስጥ ይቆይ፤ አንዴ ከደረቀበት አለቀለት። አክሪሊክ ሥር ሆኖ ዘይት ከላይ ቢቀባ ችግር የለም፤ በዘይት ላይ አክሪሊክ ግን አይይዝም።

*

እ.ኤ.አ. በ1841 ለንደን ይኖር የነበረው አሜሪካዊ ሠዓሊ ጆን ጎፍ ራንድ ስትጨመቅ ቀለም የምታወጣዋን የቆርቆሮ ቱቦ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከዚያ በፊት የተለወሰ ቀለም በአሳማ ፊኛ ተቋጥሮ ነበር የሚሸጠው። ሠዓሊው ደጅ ወጥቶ እንደልቡ መሣል የቻለው በዚህች ትንሽ ነገር ነው።

*

ከሠዓሊ መደብር ውጭ ያለውን ገበያ የሚንቅ ብዙ ያጣል። የሠዓሊው የኤልያስ ስሜ ትልልቅ ሥራዎች፣ ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው፣ ከተጣለ ኤሌክትሪክ ሽቦና ከኮምፒውተር ስብርባሪ የተሠሩ ናቸው፤ አብዛኛውም ከመርካቶ የተለቀመ ነው። ለጀማሪም የመርካቶው ምናለሽ ተራ በረከት አለው፤ ፓሌት የሚሆን ወፍራም መስታወት፣ የለሳኝ ስፓቱላ፣ የቤት ቀቢ ሰፊ ብሩሽ። የብሩሹን ፀጉር ከመግዛት በፊት ሳብ ሳብ ማድረግ ነው፤ እጅ ላይ የቀረው ሥዕሉም ላይ ይቀራል።

*

ቫን ጎግ ቀለምና ሸራ የሚላክለት ከወንድሙ ከቴዎ ነበር፤ ደብዳቤዎቹ በቀለም ትእዛዝ የተሞሉ ናቸው። የእኛም ተማሪ ቴዎ አለው፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣ አክስት ወይም ወንድም። ሲላክ ሁለት ትልልቅ ነጭ ይባል። የዘይት ቀለም ማቅጠኛው ተርፐንታይን ግን አይታሰብ፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን አይፈቅደውም፣ እዚሁ ይገዛል።

*

ሃያ አምስት ዕቃ በአንድ ገጽ የሚሰጡ መምህራን ሳያውቁት ተማሪ ያባርራሉ። ወረቀቱን ይዛ ሁለት ሱቅ ጠይቃ፣ ዋጋውን ደምራ፣ ሳትመለስ የቀረች ስንት አለች። ዝርዝሩ ለሁለት ይከፈል፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ኦከር፣ አንድ ሰፊ ብሩሽና አቡጀዲ ይበቃሉ። ነጩን ደግሞ ክፍሉ ገንዘብ አዋጥቶ በባልዲ ይግዛው፤ መሃል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ሁሉም እንደ ፍላጎቱ ይጭለፍ።