ላፕቶፕ ይዘው የሚመጡት የየካ እንግዶች

የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ለታክሲ ረዳት «ወራጅ አለ» የምንልባቸውን ቦታዎች ስም ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እንግሊዝ ኤምባሲ፣ ሩሲያ ኤምባሲ… ከአዲስ አበባ ሳንወጣ ግማሽ አውሮፓን አዳርሰን ቤታችን እንገባለን። ዳግማዊ ምኒልክ ከውጭ ለሚመጡ መልዕክተኞች በእንጦጦ ግርጌ ሰፋፊ ቦታ ስለሰጡ የእንግዶቹ ስም ለሰፈሮቹ ቀረ። የእኔ ሙያም ከዚሁ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. ቁስለኛ ለማከም የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የጀመሩት ሥራ ነው፣ ዛሬም የካ ውስጥ ለሚገኘው ለዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መነሻ የሆነው።

ስለዚህ እንግዳ ለየካ ብርቅ አይደለም። አዲስ የሆነው የዛሬው እንግዳ አመጣጥ ነው። የመንግሥት ደብዳቤም የሕክምና ሣጥንም አልያዘም፤ የያዘው ላፕቶፕ ነው። ቀጣሪው አሜሪካ ወይም ጀርመን፣ ወንበሩ ፈረንሳይ ወይም ኮተቤ፣ ደሞዙ በዶላር፣ ምሳው በብር ነው። በውጭው ዓለም እንዲህ ያሉትን «ዲጂታል ኖማድ» ይሏቸዋል። ሥራቸው በኢንተርኔት ስለሆነ ኑሮ ረከስ ያለበትን አገር እየመረጡ ጥቂት ወራት ወይም ጥቂት ዓመታት ይቀመጣሉ።

ነገሩ ከቀድሞም ነበር፤ የተስፋፋው ግን በኮቪድ ጊዜ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሽታው አገራችን ሲገባ፣ ሕሙማኑን እንዲቀበል የተመደበው እዚሁ እኛ አካባቢ ያለው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነበር። እኛ የጤና ባለሙያዎች ቤት መዋል አልቻልንም፤ መርፌ በኢንተርኔት አይወጋም። የቢሮ ሠራተኛው ግን በዓለም ዙሪያ ከቤቱ መሥራት ለመደ። ከዚያ «ከቤቴ ከሠራሁ፣ ቤቴ ሌላ አገር ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ መጣ። ሞሪሺየስ በ2020 እ.ኤ.አ.፣ ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ለእንዲህ ዓይነት ሠራተኞች የተለየ ፈቃድ አዘጋጅተዋል።

በእኛ ሰፈር የማያቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ለጥቂት ወራት የሚመጡ የውጭ ዜጎች ናቸው። ሁለተኞቹ የእኛው ልጆች ናቸው፤ ውጭ ተወልደው ወይም አድገው የእናት አባታቸውን አገር ኖረው ሊያዩ የሚመጡ። ሦስተኞቹ ከአገር ወጥተው የማያውቁ፣ ከእናታቸው ቤት ሳሎን ሆነው ለውጭ ድርጅት ኮድ የሚጽፉ ወይም የሚተረጉሙ ወጣቶች ናቸው።

ወረቀቱ ለየቅል ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ የውጭ ዜጋ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ እኛ «ቢጫ ካርድ» የምንለውን ካወጣ፣ ያለ ቪዛ ይገባል፤ ያለ ሥራ ፈቃድም ይሠራል። ሌላው የውጭ ዜጋ ግን የቱሪስት ቪዛ የሥራ ፈቃድ አለመሆኑን አውቆ፣ ሻንጣውን ከማሰሩ በፊት የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎትን ቢጠይቅ ይሻለዋል። ልጃችሁ ወይም የወንድማችሁ ልጅ «እዚያ መጥቼ ልሥራ» ብላ ከደወለች የመጀመሪያው ምክራችሁ ይህ ይሁን።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ «ርካሽ አገር» የሚባለው ነገር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነውና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ለሚከፈለው ሰው ደሞዙ ሳይጨመር የእጥፍ ያህል ሆነ። ለእኔ ቢጤው ጡረተኛ ግን ከውጭ የሚገባው የደም ግፊት መድኃኒት ተወደደ። ያው አንድ ቀን፣ ያው አንድ ሾላ ገበያ፤ አንዱን አበለጸገ፣ ሌላውን አሳጠረው። አንድ አገር «ርካሽ ነው» ሲባል «ለማን?» ብሎ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ከቤታችን ሁለት አጥር አልፎ አንድ ግቢ አለ። እዚያ ከዘጠኝ ዓመት በላይ አንድ መምህር ከባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ተከራይተው ኖረዋል። አከራዩ ቤቱን አድሶ፣ አልጋና ፍሪጅ አስገብቶ፣ በደላላ በኩል ለውጭ ነዋሪ አከራየው። ቤተሰቡ ወደ የካ አባዶ ሄደ። ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤቱን ላለመቀየር ከንጋቱ በፊት ተነሥቶ ሁለት ታክሲ ይይዝ ነበር። ቤቱን የተከራየችው ወላጆቿ በደርግ ጊዜ የተሰደዱባት፣ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ወጣት ናት። አማርኛዋ ኮልተፍ ይላል፤ ሰላምታዋ ግን ሙሉ ነው፤ ለታላላቆቿ ጎንበስ ትላለች። ማን ከዚያ ቤት እንደወጣ አታውቅም ነበር።

ይህን ሳስብ ዓይኔ ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ይሄዳል። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። የቀድሞ ነገሥታት ከተማቸው ተንቀሳቃሽ ነበር፤ በአካባቢው ያለው ማገዶ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል። ምኒልክም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ጋራው በደን መራቆት ተጎድቶ ነበር፤ ኋላም በማገዶ እጥረት ምክንያት ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው እንደነበር ይታወቃል። አዲስ አበባ ባለችበት እንድትጸና ከረዷት ነገሮች አንዱ ይህ ቶሎ የሚያድግ የውጭ ዛፍ ነው። ቤታችንን ሠራንበት፣ እንጀራችንን ጋገርንበት። ያም ሆኖ ውኃ ይጠጣል፤ በሥሩም ሌላ ቡቃያ እንደልብ አያበቅልም። አሁን በጋራው ላይ አገር በቀል ዛፎችን መልሶ የመትከል ሥራ አለ። ባሕር ዛፍን እንግዳ ነህ ብሎ የሚሰድበው የለም፤ ጥያቄው ምን ያህልና የት ይተከል የሚለው ነው። የላፕቶፕ እንግዶቻችንም ነገር እንደዚሁ ነው።

ለአከራዮች አንድ ነገር ላስታውስ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህ ተከራይንም አከራይንም ይጠብቃል። የስድስት ወር ኪራይ አንድ ጊዜ ክፈል የሚል ደላላ ሲያጋጥም፣ እንግዳው ይህን ማወቅ አለበት።

ቀጥሎ ሰዓት ነው። ጀርመን ላለ ድርጅት የሚሠራ ሰው ልዩነቱ የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ከሰፈሩ ጋር አብሮ ይነቃል፤ አብሮም ይተኛል። ካሊፎርኒያ ላለ የሚሠራ ግን፣ በእነሱ የበጋ ወራት እዚያ ጠዋት ሥራ ሲጀመር እዚህ ምሽት 1 ሰዓት ነው፤ ሥራው የሚያልቀው ሌሊት 9 ሰዓት። የሌሊት ተረኛ ሆኜ ለብዙ ዓመት ስለሠራሁ ይህን ኑሮ አውቀዋለሁ። ቀን የሚተኛ ሰው መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ያጨልም፤ ከሥራ በኋላ ቡና አይጠጣ፤ ከቀትር በኋላ ግን ቢያንስ አንድ ሰዓት ፀሐይ ይሙቅ፣ ይራመድ። የአንድ ሰፈር ሌሊት ደግሞ ጸጥ ያለ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅሌት፣ የመስጊዱ አዛን፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ጅብ፣ እሱን የሚጮኸው ውሻ አለ። ቀጠሮ ሲይዝም «በኢትዮጵያ ነው በፈረንጅ?» ብሎ ይጠይቅ፤ 3 ሰዓትና 9 ሰዓት ስንቱን አለያይተዋል።

መብራትና ኔትወርክ አልፎ አልፎ ይጠፋሉ። ልምድ ያላቸው ወጣቶች የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ካርድ ይይዛሉ፤ ኃይል የሚያጠራቅም ባትሪም አይለያቸውም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። እንጀራው በኢንተርኔት ላይ የሆነ ሰው ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሆን ቁጠባ ይኑረው፤ ቀጣሪውም አስቀድሞ ይወቀው።

ስለ ጤና ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አትሌቶቻችን ከንጋት በፊት እዚያ የሚሮጡት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው፤ ሰውነታቸው በጥቂት ኦክስጅን መሥራት ይለማመዳል። ከቆላ የመጣ እንግዳ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ እንቅልፍ ማጣት ቢሰማው አይደንገጥ፤ ውኃ ይጠጣ፣ ይረፍ፣ ወደ ጋራው ለመውጣትም ጥቂት ቀን ይታገሥ። ዕረፍት ላይ ሆኖ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም የልብ ሕመም ወይም ከባድ የደም ማነስ ካለበት ግን ሐኪም ይይ። አዲስ አበባ ውስጥ ወባ አያሰጋም፤ ቅዳሜና እሁድ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ባቱ ሲወርድ ግን መከላከያ ያስፈልገዋል። ውሻ ከነከሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ከሰል ነው። በሐምሌና በነሐሴ የእንጦጦ ሥር ብርድ አጥንት ይገባል። ሌሊት ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው በሩን ዘግቶ የከሰል ምድጃ ቢያስገባ፣ የከሰሉ ጋዝ ሽታ ስለሌለው ሳያውቀው ራሱን ይስታል። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ሆነው የመጡ፣ ከነሕይወታቸው ያልተመለሱም አይቻለሁ። የምታከራዩ ቤተሰቦች፣ ቁልፍ ስትሰጡ ይህን አንድ ነገር ንገሩልኝ፤ ጋቢ ጨምሩለት እንጂ ከሰል አታስገቡለት።

ጋራው ግን ቀስ ብሎ ለሚወጣው ይክሳል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የእግር መንገድና ማረፊያ አለው። በየካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ጣሪያው ቢፈርስም ግድግዳውና ምሰሶው ዛሬም ያስደንቃል። ብቻ ከመሄድ ከሰፈር ልጅ ጋር መሄድ ይሻላል። መንገድ ላይ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶች ያጋጥማሉ። ፎቶ ከማንሳት በፊት መንገድ መልቀቅና ሰላምታ መስጠት ይቀድማል።

ወደዚያች ልጅ ልመለስ። አንድ ሰሞን ሁለት ቀን ሙሉ አልታየችም። ቀን መስኮቷ ሁልጊዜ ዝግ ስለሆነ ማንም ልብ አላለም። ልብ ያሉት እንጀራ የሚያቀርቡላት እትዬ ናቸው፤ የሰጧት እንጀራ በር ላይ እንደተንጠለጠለ አገኙት። ጠርተውኝ ስንገባ በተቅማጥና በትውከት ውኃ አልቆባት፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ለመነሣት አቅም አጥታ አገኘናት። በየጥቂቱ ኦአርኤስ እያጠጣን ጤና ጣቢያ አደረስናት። ሥራ ቦታዋ ያሉት ሰዎች «ኔትወርክ ጠፍቶባት ይሆናል» ብለው ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ያኔ ሥጋና ደም ለበሰ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ቡና ላይ አትቀርም። የመምህሩን ቤተሰብ ታሪክ የሰማችውም እዚያው ስኒ ይዛ ነው። ለብዙ ደቂቃ ዝም አለች። «ብለቅ ይመለሳሉ?» ስትል ጠየቀች። እትዬ «የለም ልጄ፣ አከራዩ ሌላ ያገኛል» አሏት፤ እውነቱ ይህ ነውና ማንም አላስተባበለም። ቤቱን አልለቀቀችም። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የሰፈሩን ልጆች እየሰበሰበች ኮምፒውተርና እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ የመምህሩ ትልቁ ልጅም ከአባዶ እየመጣ ይማራል። የታክሲውን ሂሳብ የምትከፍለው እሷ ናት። ይህ የኪራዩን ነገር እንደማያስተካክለው እሷም እኛም እናውቃለን።

እናም ላፕቶፕ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ የምለው ይህ ነው፦ የቤቱን ዋጋ ስትጠይቅ ከአንተ በፊት ማን እንደነበረበትም ጠይቅ። እድር ግባ። ከጓዳህ አጥር ማዶ ያሉትን ሰዎች ስም እወቅ። ለእኛ ለነዋሪዎቹ ደግሞ፦ መስኮቱ ቀን ቀን የሚዘጋ ጎረቤት ካለን፣ በሁለት ቀን አንዴ በሩን እናንኳኳ።