አሥራ ሁለት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

የዘንድሮ ተመራቂዎች ለመጽሔታችን ጽሑፍ እንድናዋጣ በተጠየቅን ጊዜ፣ የአማርኛ መምህራችን ሁለታችንን ጠርተው «ለየብቻ ትጽፋላችሁ ወይስ እንደ ልማዳችሁ?» አሉን። እንደ ልማዳችን ነው። መንትዮች ነን፤ ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ በአንድ ዴስክ ተቀምጠን ነው የተማርነው። የምንጽፈው ባለፈው ነሐሴ ስለሄድንበት ጉዞ፣ ይልቁንም ስለ ጉዞው የመጨረሻ ቀናት ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለጓደኞቻችን ብዙ ጊዜ አውርተናል። የመጨረሻዎቹን ግን እስካሁን አሳጥረን ነበር የምናልፋቸው።

አሥራ ስምንት ዓመት በሞላን በወሩ፣ ቦርሳችንን በጀርባችን አዝለን ከናይሮቢ ወደ ታንዛኒያ ሄድን። አብሮን የሄደ አዋቂ አልነበረም። ጎረቤቶቻችን ወሬውን ሲሰሙ ግማሾቹ «ሁለት ሴት ልጆች ብቻቸውን!» ብለው አማተቡ፤ ግማሾቹ ደግሞ «መንታ ምን ብቻ አለው?» ብለው ሳቁ። ገንዘቡን ያጠራቀምነው የሰፈር ልጆችን ሒሳብ እያስጠናን በሁለት ዓመት ነው። የእናታችንን ፈቃድ ማግኘት ግን ከገንዘቡም የባሰ አስቸጋሪ ነበር። እማዬ ኢስሊ ውስጥ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች፤ ከከተማው ከወጣች ብዙ ዓመቷ ነው። በመጨረሻ ሦስት ነገር አስማለችን፦ በየማታው እንድንደውል፣ ከመሸ በኋላ መንገድ እንዳንወጣ፣ የሆነውን ሁሉ እንደሆነው እንድንነግራት። ከሦስቱ ቀላሉ ሦስተኛው መስሎን ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ታናሽ እህታችን ደግሞ በር ላይ ቆማ የራሷን ጨመረችበት። «እናንተ ካበላሻችሁት እኔን ማን ያስወጣኛል?» አለችን። ወደ ካምፓላ መሄድ ከጀመረች ቆይታለች፤ በሐሳብ ማለታችን ነው።

ናማንጋ ላይ ድንበር ተሻገርን። አሩሻንና ሞሺን አየን። ኡሳምባራ ተራሮች ላይ ባለችው ሉሾቶ ሦስት ቀን ተቀመጥን፤ ቀኑን ሙሉ በእግራችን ስንዞር ውለን ማታ በብርድ ልብስ ተጠቅልለን ተኛን። ከዚያ ወደ ባሕሩ፣ ወደ ዳሬ ሰላም ወረድን። ምቤዚ የሚባለው ሰፈር ያለው ትልቁ መናኸሪያ እንደደረስን፣ ወደ ናይሮቢ የሚመልሰንን የአውቶቡስ ትኬት አስቀድመን ገዛን። ገንዘባችን ዛንዚባር ላይ ቢያልቅ እንኳ መመለሻችን ኪሳችን ውስጥ ነው ብለን በብልህነታችን ኮራን። ትኬት ቆራጩ ስማችንን፣ ቀኑንና የወንበር ቁጥራችንን በእስክሪብቶ ጻፈ። ከሥሩ «ሳ 12፡00» ብሎ አሰመረበት። በአፉም «ኩሚ ና ምቢሊ» አለን፤ አሥራ ሁለት ማለቱ ነው። ራሳችንን በእሺታ ነቀነቅን።

ከዳሬ ሰላም ዛንዚባር በመርከብ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ስቶን ታውን የሚባለው አሮጌው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። መንገዶቹ በጣም ጠባብ ስለሆኑ ሁለታችን ቦርሳ አዝለን ጎን ለጎን መሄድ አልቻልንም፤ አንዳችን ፊት፣ አንዳችን ኋላ ሆነን ነበር የምንሄደው። በሮቹ ከወፍራም እንጨት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ብዙዎቹም የናስ ጉልላት ተመትቶባቸዋል። ማታ ማታ ፎሮዳኒ የሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ በጭስና በፋኖስ ይሞላል። ኦክቶፐስ ይጠበሳል፣ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ይጨመቃል። እኛ ብዙ ጊዜ ጭማቂውን ገዝተን ኦክቶፐሱን በዓይናችን ነበር የምንበላው።

በሁለተኛው ቀን ምኩናዚኒ ወደሚገኘው ካቴድራል ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1873 በተዘጋው የባሪያ ገበያ ላይ ነው። በግቢው ውስጥ፣ ከመሬት ዝቅ ባለ ጉድጓድ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ አምስት ሰዎች ተቀርጸው ቆመዋል። አስጎብኚው ከመካከለኛው አፍሪካ ተይዘው በእግራቸው እስከ ባሕሩ ስለተነዱት ሰዎች ነገረን። ጠዋት እግራችን ቆሰለ ብለን ስንነጫነጭ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ ስለ እግር ያነሳ ሰው የለም። እኛ ፓስፖርት ይዘን፣ በፈለግንበት ቆመን፣ በፈለግንበት ቀን ወደ ቤታችን ለመመለስ ትኬት ይዘን ነበር።

በመጨረሻው ቀን ዳራጃኒ ገበያ ገብተን ለእማዬ ካንጋ ገዛን። ካንጋ በስዋሂሊ አገር ሴቶች የሚያገለድሙት፣ ጫፉ ላይ አባባል የታተመበት ጨርቅ ነው። ሁልጊዜ የሚሸጠው ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ነው፤ መሐሉ ተቆርጦ ሁለት ይሆናል። ሻጩ ይህን ሲነግረን ተያይተን ሳቅን፤ መንታ ጨርቅ አገኘን ብለን። ከእሱ በኋላ የቀረን 22,000 የታንዛኒያ ሽልንግ ነበር። ለአንድ ቀን መንገድ በቂ ነው አልን።

በማግስቱ በመርከብ ዳሬ ሰላም ተመልሰን መናኸሪያው አጠገብ አንድ ማረፊያ ቤት አደርን፤ ሒሳቡን ስንመጣ አስቀድመን ከፍለን ነበር። ጠዋት ሳንቸኩል ተነሣን። ፀጉራችንን ታጠብን። ቦርሳችንን ሁለት ጊዜ አራግፈን አጣጠፍን። ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ገባን፤ አውቶቡሱ የሚነሣው እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ ገና አንድ ሰዓት አለን ብለን።

ትኬት ቆራጩ ወረቀቱን አየና እኛን አየ። አውቶቡሱ ከሄደ አምስት ሰዓት ሆኖታል አለን።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ሳትስቅብን ነገሩን ስማን። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደ እኛ ነው። ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት ነው። ቃሉ እንኳ ይመሳሰላል፤ እነሱ «ሳ» ይላሉ፣ እኛ «ሰዓት»። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ነገር ግን ናይሮቢ ስናድግ አንድ ልማድ ይዘናል፤ በአፍ የሚነገር ሰዓት የቤት ሰዓት ነው፣ በጽሑፍ ያለ ሰዓት የፈረንጅ ሰዓት ነው። የትምህርት ቤታችን ደወል፣ ስልካችን፣ የፈተና ፕሮግራማችን ሁሉ በፈረንጅ ነው። 12፡00 ተጽፎ ስናይ እኩለ ቀን ነው ብለን አለፍን። ሰውየው በአፉ ሲነግረን እንኳ አልሰማነውም። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

አሮጌው ትኬት አይሠራም። ለነገ ወንበር አለ፤ ትኬት ቆራጩ አዝኖልን አለቃውን ጠይቆ በግማሽ ዋጋ አደረገልን። ግማሹ ለሁለታችን 80,000 ሽልንግ ነበር። እኛ ያለን 22,000 ነው። የስልካችን ካርድም አልቋል።

ግድግዳ ተደግፈን ተቀመጥን። ከሁለታችን አንዳችን «አውቶቡሱ ተበላሸ እንበላት» አልን። ማን እንዳለው አንጽፍም፤ ምክንያቱም ሌላኛዋም በዚያው ቅጽበት ያንኑ ስታስብ ነበር። አውቶቡስ ይበላሻል፤ ማንም አይጠየቅበትም። እማዬ አትናደድም፣ ጎረቤት «አላልንሽም?» አይላትም፣ እህታችንም ካምፓላዋን አታጣም። ውሸቱ ከእውነቱ ይልቅ ለሁሉም የሚበጅ መሰለን።

ከፊታችን አንዲት ሴትዮ ከሰል ላይ ሻይና ቻፓቲ ይሸጡ ነበር። እንዲህ በየመንገዱ ምግብ የሚሸጡትን ሴቶች ታንዛኒያ ውስጥ ማማ ሊሼ ይሏቸዋል። በእናታችን ዕድሜ ይሆናሉ። ተነሥተን «ሺካሞ» አልናቸው። ይህ ለታላቅ ሰው የሚቀርብ ሰላምታ ነው፤ «እግርዎን እይዛለሁ» ከሚል እንደመጣ ይነገራል። እኛ ቤት የአያት ጉልበት ስመን ስላደግን፣ ቃሉ ከሉሾቶ ጀምሮ አፋችን ላይ ተስማምቶን ነበር። ሴትዮዋ «ማራሃባ» ብለው ተቀበሉንና ፊታችንን አይተው «ምን ሆናችኋል?» አሉ። ለእሳቸው መዋሸት ምንም አይጠቅመንምና ሁሉንም ነገርናቸው። ሻይ ቀዱልን። ከዚያ ስልካቸውን ከመቀነታቸው አውጥተው «እናታችሁ ጋ ደውሉ» አሉን።

እማዬ የማታውቀውን ቁጥር በጥርጣሬ አነሣች።

«እማዬ፣ እኛ ነን።»

«ምን ሆናችሁ?»

ለአፍታ ዝም አልን። ለባዕድ ሴት አንድ ጊዜ ከተናገርነው በኋላ ለእሷ ሌላ መናገር አሳፈረን። «ደኅና ነን። አውቶቡሱ አመለጠን። ጥፋቱ የራሳችን ነው» አልናት፤ ስለ አሥራ ሁለት ሰዓቱም ነገርናት።

ስልኩ ውስጥ ፀጥታ ሆነ። «እናንተ እኔ ቤት ያደጋችሁ ልጆች አይደላችሁም እንዴ?» አለች በመጨረሻ። «አሥራ ሁለት ሰዓት መቼ እንደሆነ ጠፋችሁ?» ቁጣ ይሁን ሳቅ መለየት አቃተን። «ስልኩ የማን ነው?»

«ሻይ የሚሸጡ አንድ እናት ናቸው።»

«ስጡልኝ።»

እማዬ ስዋሂሊ የተማረችው ኢስሊ ገበያ ውስጥ ነው። ዋጋና ቁጥር ላይ አትታማም፣ ከዚያ ውጭ ግን ቃላቱን እንደ ዱቄት ነው የምታደባልቃቸው። ማማ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ መለሱላት። መጀመሪያ የጠየቀችው በልተን እንደሆነ ነበር፤ ማማም ቅር እንዳላቸው ሆነው «ያለ ምግብ አስቀምጣቸዋለሁ?» አሉ። ከዚያ ስለ ሥራ ማውራት ያዙ። ስለ ከሰል ዋጋ ሲነጋገሩ ሰማን። ሁለቱም ሌሊት የሚነሡ፣ እሳት ፊት የሚውሉ ሴቶች ናቸው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እማዬ 4,000 የኬንያ ሽልንግ በኤም ፔሳ ወደ ማማ ስልክ ላከች። አይታቸው ለማታውቅ ሴት ነው የላከችው። ማማ ገንዘቡን አውጥተው ፊታችን ቆጠሩልን፤ አንድ ሳንቲም አላስቀሩም። ትኬቱን ሲቆርጥልን አብረውን ቆመው «በአሥራ ሁለት፣ በጠዋቱ!» ብለው ለትኬት ቆራጩም ለእኛም ደገሙት። ማታ እዚያው ማረፊያ ቤት እስክንገባ ሸኙን።

በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ነበርን። ማማ ከሰሉን እያቀጣጠሉ አገኘናቸው። ውኃ ቀዳንላቸው፣ ወንበሮቹን ደረደርን። ቻፓቲ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡን፤ ገንዘብ ስናወጣ ግን እጃችንን መልሰው አጠፉት። ያን ጊዜ ካንጋው ትዝ አለን። ቢላቸውን ተውሰን መሐሉን ቀደድነውና ግማሹን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግንላቸው። አባባሉን አንብበው ሳቁ፤ «ሌላውን ለእህቴ ስጡልኝ» አሉ።

እስከ ናይሮቢ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው። ሞሺ ላይ፣ ስንመጣ ተሸፍኖብን የነበረው ኪሊማንጃሮ ወደ ማታ ደመናውን ገፍፎ በረዶውን አሳየን። ናማንጋ ላይ መሸ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ናይሮቢ ስንወርድ እማዬና እህታችን ነጠላ ተከናንበው ቆመው ነበር። እማዬ አልተቆጣችንም። ከእግር እስከ ራሳችን አየችንና «ከስታችኋል» አለች።

እራት በልተን ስንጨርስ «አውቶቡሱ ተበላሸ ብንልሽ ኖሮስ?» ብለን ጠየቅናት።

«አምን ነበር» አለች።

ከጉዞው ሁሉ እስከ ዛሬ ልባችን ውስጥ የቀረው ይህ መልስ ነው። ትመረምረናለች፣ ትጠረጥረናለች ብለን ነበር። ለካ የምንላትን ሁሉ የምትቀበል እናት ነች፤ ልንዋሽ የነበረው ለእሷ ነው።

4,000 ሽልንጉ ስጦታ አልነበረም፤ «ብድር ነው» አለችን። ከትምህርት ቤት በፊት እንጀራ እያደረስን በአምስት ሳምንት ከፈልን። ካንጋውን እማዬ ስትጋግር ታገለድመዋለች። በበዓል ቀን ማማ ጋ ትደውላለች፤ አሁን ስዋሂሊዋ ከእኛ ይልቅ የዳሬ ሰላምን ለዛ እየያዘ ነው። እህታችን ስለ ካምፓላ ስታነሣ ደግሞ «እስቲ እናያለን» ትላታለች። እኛን ለመፍቀድ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለችን «አይሆንም» ነበር።

ከእኛ ኋላ የምትወጡ ተማሪዎች፣ መሄዳችሁ አይቀርም። ስትሄዱ ሰዓቱን በአፍም ጠይቁ፤ በማንኛው ሰዓት እንደተጻፈ ሳታረጋግጡ አትተኙ። ታላቅ ሰው ስታዩ ተነሥታችሁ ሰላም በሉ። አንድ ነገር ሲበላሽባችሁ ደግሞ ቶሎ ወደ ቤት ደውሉ። የአመለጠንን ትኬት የአማርኛ ደብተራችን ሽፋን ላይ ለጥፈነዋል፤ ማየት የሚፈልግ ቢጠይቀን እናሳየዋለን።